የመቀስ ስልሳ ስምንት

አባቴን ተማሪዎቹ «መቀስ» ይሉታል። ሒሳብ ያስተምራል፤ ማርክ ይቆርጣል። መልሱ ልክ ሆኖ አሠራሩ ከተዝረከረከ ይቆርጣል፤ አሠራሩ አምሮ መልሱ ከሳተ ጭራሽ አይምርም። ውጤቱን ለየባለቤቱ በታጠፈ ወረቀት ይሰጣል እንጂ የአንዱን ለሌላው አይናገርም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ስሙን አስተካክሎ ለጻፈ ሁሉ ዘጠና ይሰጣል ይባላል። እኔ ግን ወደድኩም ጠላሁም የመቀስ ተማሪም፣ ልጅም ነኝ።

በመጨረሻው ዓመት ከመቶ ስልሳ ስምንት ሰጠኝ። እናቴ፣ ለገዛ ልጅህ እንኳ እጅህ አይዘረጋም ወይ ብላ ጮኸችበት። ውጤት ስጦታ አይደለም አለና እራቱን በላ። ከዚያ ተነስቶ የጥናት ወንበሬን የተሰበረ እግር ይጠግን ጀመር። ስድስት ወር ሙሉ ጠግንልኝ ብዬ የለመንኩት ወንበር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩ በሆዴ። በሬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ደግነቱ መዶሻው ድምፄን ዋጠልኝ።

ልገባበት ያሰብኩት ኮሌጅ ምሕንድስና የሚፈልግ በሒሳብ ከሰማንያ በታች ይዞ እንዳይመጣ ለጥፏል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ድልድይ መሥራት ነው፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው እናቴ አባቴን ኮቱን አልብሳ፣ «የቆረጥከውን ሄደህ ስፋው» ብላ ከእኔ ጋር አስወጣችው።

ሬጅስትራር ቢሮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ተቀበለችን። አባቴ ልመና አያውቅበትም፤ ቆሞ ጣሪያውን ያያል። ስለዚህ እኔው ስለ መቀስ አንድም ሳላስቀር ለፈለፍኩላት። ምንም አልደነቃትም። ከመቶ የሚያርም አለ፣ ከሃያ የሚያርም አለ፣ ከአራት የሚያርም አለ፣ አንድ ቁጥር ትልቁ ውጤት የሆነበት ቦታም አለ አለችኝ። ቁጥር ብቻውን ለእነሱ ምንም አይነግራቸውም። ለዚህ ሲሉ ለየትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ቅጽ ይልካሉ፤ እንዴት እንደሚያርም ሞልቶ ይመልሳል። የእኛው መልሶ አያውቅም። ቅጹ የት እንደሚቀር እሷንም ግራ ገብቷታል።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው» አለ። «ሰበብ መደርደሪያ መስሎኝ።»

አይ አባቴ። ሴትዮዋ ተነፈሰችና አዲስ ቅጽ ሰጠችው። ወንበር ስቦ እንደ ተፈታኝ አቀርቅሮ ሞላ። አንዱ ጥያቄ ላይ እስክሪብቶው ቆመ፤ እኔም በትከሻው በኩል አነበብኩት። ባለፉት ዐሥር ዓመታት በትምህርቱ የተሰጠው ከፍተኛ ውጤት ስንት ነው ይላል። ከዚያ 68 ብሎ ጻፈ።

ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች።

«ስንት ተማሪ ነው ያገኘው፣ መምህር?»

«አንድ።»

«ማን?»

ቀና ሳይል በእስክሪብቶው ወደ እኔ ጠቆመ።

ማመልከቻዬ ላይ ማኅተም አሳረፈችበትና ከሰማንያ በላይ ካመጡት ተማሪዎች ፋይሎች ጋር ደረበችው። ወጣን። ደረጃው ላይ ስንደርስ የኮቱን እጅጌ ይዤ አስቆምኩት፤ የያዘኝ ደስታ ይሁን ንዴት እኔም አልገባኝም።

«አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

ከልቡ ገረመው።

«ስልሳ ስምንት ብዬ ነገርኩሽ እኮ።»