መሀሉ ሳይረጋ

እግሩ ካልዳነ ማን ይጠየቅበታል?

አያቲቱ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ከክፍል ክፍል ይዘውት ይዞራሉ። ሽንኩርት ሲከትፉ አብሯቸው አለ፤ ባልዲ ሲያነሱ አለ፤ ሶፋው ላይ የተጋደመውን የልጅ ልጃቸውን እግር ጎንበስ ብለው፣ ፋሻው እርጥበት አውጥቶ እንደሆነ ሲያዩም አለ። መልስ የለውም። ወይም መልሱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም መልሶች የሚኖሩት በዚሁ ጣራ ሥር፣ የሚበሉትም ከእሳቸው እጅ ነው።

«እማማ፣ ተይው እንጂ። አሁን አየሽው እኮ» አለ ልጁ።

«አየሁት። ባየው ምን አለበት? ያቃጥልሃል?»

«ሲያቃጥል ጥሩ ነው አለ ሐኪሙ። ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።» ትንሽ አሰበና «እንደኛ ቤት» ብሎ ጨመረ።

ሰፈሩ ሁሉ ቀጮ ነው የሚለው። ረጅም፣ ሸንበቆ የመሰለ፣ ሬሳ የሚያስቅ ልጅ ነው። ከአባቱ ጋር ብረት ማቅለጫው ውስጥ ይሠራ ነበር። አደጋው የደረሰ ቀን ትልቁ የወፍጮ መዘውር፣ ቀልጦ ከፈሰሰበት የአሸዋ ፎርማ ሲነሳ ሰንሰለቱ አጠገብ የቆመው እሱ ነው። ላዩ የጠጠረው መዘውር መሀሉ፣ እምብርቱ ላይ ተቀደደ፤ ከውስጡ ገና ያልረጋ ብረት ወጣና ጫማውን ከነእግሩ በላው።

ስለ ቤቱ ያለው እውነቱን ነው። ከአደጋው ወዲህ አባትየው፣ ማለትም የአያቲቱ የበኩር ልጅ፣ ሳሎኑን ይዟል፤ የእህቱ ልጅ ሚጢ ደግሞ የጓሮውን ክፍል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አያቲቱ በመሀል ሳህን ይዘው ይመላለሳሉ።

ሚጢን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ሂሳብ ተምራ ተምራ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲው ለመጨረሻው ዲግሪ ምርምር ላይ አስቀምጧታል። ምን እንደምታጠና ሲጠይቋት «ድንበሩ ያልታወቀ ነገር» ትላለች፤ በረዶ ሲቀልጥ፣ ብረት ሲረጋ፣ ውሃ በግድብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ፣ ጠጣሩና ፈሳሹ፣ ደረቁና እርጥቡ የሚለያዩበት መስመር የት ላይ እንደሚውል አስቀድሞ የማይታወቅበትን። አያቲቱ መጀመሪያ የሰሙ ዕለት «ድንበሩ ካልታወቀማ ፍርድ ቤት ነው መሄድ» ብለው ነበር። አጎትና የእህት ልጅ እንባቸው እስኪፈስ አብረው ሳቁ። ያኔ አብረው ይስቁ ነበር።

ያኔ ነው አጎትየው ሥራውን ያመጣላት። መዘውሩ እንደ ድሮው አሸዋው ውስጥ ሲያድር ጊዜ ይበላል፤ ፎርማው ደግሞ ለሚቀጥለው ያስፈልጋል፤ ደንበኛው ይጨቀጭቃል። «አንቺ የመስመር ሰው ነሽ፣ መቼ ልክፈተው?» አላት። የመዘውሩን ሥዕል ሰጣት። አስልታ ሰዓቱን ነገረችው። በዚያው ሰዓት ከፈተው።

አሁን «ዶክተሯ» ነው የሚላት፤ እሷም «አንተ» ትለው የነበረውን አጎቷን «እርስዎ» ማለት ጀምራለች። አያቲቱን ከስድቡ ይልቅ ይሄ «እርስዎ» ይከብዳቸዋል።

ነገ ጠዋት የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ልጃቸው ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ምሳ እንዲበላ አዘዘ።

ሾርባው በጎድጓዳው ሳህን መሀል ላይ ተቀመጠ። ቀጮ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ ምርኩዞቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ሚጢ ከጓሮ ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ተቀመጪ፣ ዶክተሯ። ወንበሩ አይናከስም።»

ተቀመጠች። አያቲቱ ለሁሉም ቀዱ፤ ጥቂት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰና በመጎናጸፊያቸው ጫፍ ጠረጉት። ከእሳቸው በቀር ማንም ማንኪያ አላነሳም።

«ነገ ሰውየው ሲጠይቅሽ የምትዪው አጭር ነው» አለ ልጃቸው። «ሰዓቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ስሌቴ ተሳስቷል። አለቀ።»

«ሰዓቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስሌቱ ግን አልተሳሳተም።»

«ታዲያ ልጄን ማን ጠበሰው? ጎረቤት?»

«ብሉ እስቲ መጀመሪያ» አሉ አያቲቱ። «ይቀዘቅዛል።»

«አንቺን ቢበዛ ይቆጡሻል» አለ ልጃቸው፣ እናቱን እንዳልሰማ። «እኔን ይዘጉኛል። ከዚያ እቶን የሚበላው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ አንቺ የተማርሽበትም ከዚያው እቶን ነው የወጣው።»

«እኔን አይቆጡኝም፣ ያባርሩኛል። በሰው እግር ላይ የተሳሳተ ሰው የጻፈውን ከእንግዲህ ማን ያነባል? አርሜ የምመልሰው የቤት ሥራ አይደለም እኮ።»

አያቲቱ አንዱን አዩ፤ ሌላውን አዩ። የልጃቸው አንገት ሥር ተገትሯል፤ አባቱም ሲናደድ እንደዚሁ ነበር። የልጅቷ ከንፈር ነጥቷል። ደግሞ አትበላም፣ ስንት ቀኗ ነው በደንብ ካልበላች። እሱም ቢሆን ደም ግፊቱ። ሁለቱንም ጆሮ ይዘው ጓዳ ሊቆልፉባቸው ተመኙ፤ ሁለቱም ግን ቁመታቸው ከእሳቸው ይበልጣል።

ሚጢ ጎድጓዳውን ሳህን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ለተቆጣጣሪው የምነግረውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ሾርባው ላይ ያለውን ስብ እዩት። የሚረጋው ከጠርዙ ነው። የረጋውን ካልረጋው የሚለየውን መስመር ማንም አላሰመረውም፤ ሙቀቱ ሲወጣ መስመሩ በራሱ ወደ መሀል ይሄዳል። የት እንደደረሰ ለማወቅ ሙቀቱ እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ አለብኝ። ሙቀቱ እንዴት እንደሚወጣ ለማወቅ ደግሞ መስመሩ የት እንደደረሰ። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምፈልጋቸው።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሾርባ ነው ያስተማሩሽ?» አለ አጎቷ።

«መዘውሩ ላይ ክንዱ ከእምብርቱ ጋር የሚገናኝበት ውስጠኛ ማዕዘን አለ። እዚያ ያለው አሸዋ ከሁለት ወገን ይጋላል፤ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። መስመሩ እዚያ ጋ ይዘገያል። ይሄ አልጠፋኝም፤ አስልቼዋለሁ። በሰጡኝ ሥዕል ላይ ያለው ማዕዘን ቀጭን ነው። በዚያ ቅጥነት ቢሆን ኖሮ ረግቶ ነበር። የፈሰሰው ማዕዘኑ ከሥዕሉ ስለወፈረ ነው።»

«የእንጨቱ ሞዴል እንደ ሥዕሉ ነው።»

«ሞዴሉን ያሳዩኝ።»

«ማገዶ ሆኗል።»

«መቼ?»

«አንቺን ማስፈቀድ ነበረብኝ? እንጨት ነው፣ አረጀ፣ ነደደ።» ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ ምስክሬ ናት። እዚሁ በረንዳ ላይ ስሠራው ከጎኔ ተቀምጣ አይታኛለች። ምን ጎደለው፣ እማዬ? እንደ ሥዕሉ አልነበረም?»

አያቲቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

አይተዋል። እንዴት አላዩም? የእንጨቱ ሞዴል በረንዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ አሸዋው ውስጥ የሚታተመው፣ ብረቱም ቅርጹን የሚወስደው ከሱ ነው። ልጃቸው ጎንበስ ብሎ እየዳበሰው ነበር። «እማዬ፣ አሮጌ ቆዳ ይኖርሻል?» አላቸው። የባላቸውን ያለቀ ቦርሳ ከቁም ሣጥን አወጡለት። በልብስ መስፊያ መቀሳቸው ቀጭን ቀጭን አድርገው ቆረጡለት። እሱ ሙጫ እየቀባ ክንዱና እምብርቱ በሚገናኙበት ውስጠኛ ጥግ ለጠፈው፤ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ፣ በአውራ ጣቱ እያለሰለሰ። «ይኸው አባዬ ሥራ ገባ» ብሎ ሳቀ። ደስ ብሏቸው ነበር። ልጅ ካደገ ወዲህ እናቱን ቆራርጪልኝ ብሎ የሚጠይቀው ነገር ጥቂት ነው።

ቆዳው ያንን ጥግ እንዳወፈረው፣ የወፈረ ነገር ደግሞ ቀስ ብሎ እንደሚረጋ እስከዛሬ አላገናኙትም ነበር። ድስት ሙሉ ሾርባና አንድ ጭልፋ ሾርባ እኩል እንደማይቀዘቅዙ ግን ዕድሜ ልካቸውን ያውቃሉ። አሁን ተገናኘባቸው።

ቀና ሲሉ ልጃቸው እያያቸው ነው። ዓይኑ ውስጥ ልመና የለበትም። ቁጣ ነው ያለው፤ ከቁጣው ሥር ግን የሚያውቁትን ነገር አዩ። ያውቃል። እንደሚያውቁም ያውቃል። ምስክር አድርጎ የጠራቸው ለዚህ ነው፤ እናት ልጇን አሳልፋ አትሰጥም ብሎ።

ዝም ብል፣ አሉ ለራሳቸው፣ ይቺን እናት የሌላትን ልጅ በገዛ እጄ ገደል ሰደድኳት። ብናገር፣ የወለድኩት ነው። ዛሬ ራሴን አሞኛል ብዬ ብነሳስ? ብነሳ ነገ ሰውየው ይመጣል። ነገም ራሴን ሊያመኝ ነው?

«እማዬ?»

«ያ የቆረጥኩልህ ቆዳ» አሉ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከሾርባው ሳያነሱ፣ «የት ላይ ነበር የለጠፍከው? ጥጉ ላይ አይደለም እንዴ?»

ሚጢ ወንበሯን ወደ አያቷ አዞረች።

«ምን ያህል ይወፍር ነበር፣ እማማ?»

አያቲቱ የግራ እጃቸውን ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የቀኙን በላዩ ደረቡ። ትንሽ አሰቡና አውራ ጣታቸውንም ጨመሩ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ስትገልጠው ፊቷ ላይ የድል ነገር አልነበረም።

«በሰጠሁት ሰዓት ላይ ሌላ ያን የሚያህል ሰዓት ይፈልግ ነበር» አለች።

«ቆዳ» አለ ልጃቸው። ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። «ቆዳ ለጠፍኩ ብሎ የሚያወራ አቅላጭ የት አገር አለ? የተማርኩት ሙያውን ካስያዘኝ ጌታዬ ነው፣ እሱም ከጌታው። ጥግ ሹል ከሆነ ይሰነጠቃል። ያለፈው መዘውር በዚያው ጥግ ተሰንጥቆ ተመልሶብኛል፤ ይሄኛው እንዳይሰነጠቅ አወፈርኩት። ይሄ ለውጥ ነው? ይሄ እኮ እጅ መታጠብ ማለት ነው። እጄን ታጥቤያለሁ ብዬ ላስመዘግብ?»

«ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።»

«ልትመጪ ይገባ ነበር» አለና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ሳህኖቹ ተንጫጩ። «አንድ ቀን ረግጠሽዋል ያን ግቢ? አሸዋው ምን እንደሚመስል አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው በሥዕል ተጋብቶ ይወልዳል እንዴ? መጥተሽ ሞዴሉን በዓይንሽ ብታዪ ቆዳው ተገትሮ ይጠብቅሽ ነበር።»

ሚጢ አልሄደችም። ይህን አያቲቱም ያውቃሉ። ጭሱ ሳንባሽን ይጎዳዋል፣ ደረትሽ ደካማ ነው እያሉ ያስቀሯት እሳቸው አይደሉም? ይህ ደግሞ አሁን የት ይግባላቸው።

«እሺ» አለች ልጅቷ። «አለመምጣቴን ለተቆጣጣሪው እነግረዋለሁ። ቆዳውንም እነግረዋለሁ። ሁለቱንም።»

«የማንን ቆዳ? ማን ያየውን?» አለ ልጃቸው። ወደ እናቱ ዞረ፤ ድምፁ ወረደ፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይሄ አስፈራቸው። «አንቺ ነሽ ነገ ሰውየው ፊት ቆመሽ ይህን የምትደግሚው? በልጅሽ ላይ? በይ ንገሪው። ንገሪውና እቶኑም ይዘጋ፣ እኔም እናት እንደሌለኝ ልወቀው።»

አያቲቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ። ሊሉ የፈለጉት ብዙ ነበር። የወጣው ግን «ሾርባህን ጠጣ» የሚል ነው።

«አባዬ» አለ ቀጮ።

ሁሉም ዘወር አሉ። እስካሁን እዚያ መኖሩን የረሱት ይመስል፣ ጠቡ ሁሉ በሱ እግር ላይ ሆኖ እሱን ማንም አላናገረውም።

«ሞዴሉን ያነደድከው እኔ ሆስፒታል እያለሁ ነው?»

አባትየው ዳቦ አነሳ። ቆረሰው። ሾርባው ውስጥ ነከረውና ወደ አፉ ሳያደርስ ያዘው፤ ፍርፋሪው ራሰና ተበጥሶ ሳህኑ ውስጥ ወደቀ። የልጁን ዓይን አላየም። ግድግዳውን አየ፤ እጁን አየ፤ እንደገና ዳቦውን አየ።

ቀጮ ጠበቀ፤ መልሱን ከዚያው አገኘ። የሚቀልድ መስሏቸው አያቲቱ ፈገግ ሊሉ ዳዳቸው፤ ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። በፋሻ የተጠቀለለውን እግር በሁለት እጁ አንስቶ ቀስ ብሎ መሬት አሳረፈው፤ ጥርሱን ነከሰ። ምርኩዞቹን ከግድግዳው አነሳ። ሚጢ ልትደግፈው ብድግ አለች፤ ክርኑን ከእጇ አላቀቀ፤ በቁጣ አይደለም፣ አንድ ዕቃ ወደ ቦታው እንደሚመልስ ሰው ብቻ።

«ወዴት ነው?» አሉ አያቲቱ። «ፋሻው አቧራ ይነካዋል። ካልሲ ላምጣልህ፣ አንድ ጊዜ ቁም። ኮትህንስ?»

በጠረጴዛውና በሶፋው መሀል እየተወዛወዘ አለፈ። ከአባቱ ወንበር ጀርባ ሲደርስ መንገዱ ጠበበው፤ አባትየው ወንበሩን ወደፊት አስጠግቶ አሳለፈው፤ ዞር ግን አላለም። በሩን በትከሻው ገፋው። የቀትሩ ብርሃን ወለሉን አቋርጦ እስከ ጠረጴዛው እግር ደረሰ፤ ከውጭ የአውቶቡስ ድምፅ ገባ።

አያቲቱ ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ ተነሱ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ልጁ ደረጃውን ጨርሶ፣ አንድ ጫማ ባደረገው እግሩ እየዘለለ፣ ግቢውን አቋርጦ በውጭው በር ይወጣ ነበር።