ትንሹ ስፌት

ቶንክላ ላምያይ የሚሉትን ጣፋጭ ፍሬ አንድ ዘንቢል ሙሉ ይዞ ሆስፒታል መጣ። ፍሬው በዚያው ሳምንት ከአባቱ እርሻ የተለቀመ ነው። ነርሷ ኑዋን ዘንቢሉን ተቀብላ፣ "አንተ ልጅ፣ በስኳር ልትጨርሰን ነው?" አለችው። ሳቀ። ዶክተር ፓቻራ ግን አልሳቀችም። ልጁ በዚያ ሙቀት ወፍራም ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር።

"በል አውልቅና እንየው" አለችው።

ሴት ተብሎ ያደገው ቶንክላ የወንድ ደረት እንዲኖረው ቀዶ ሕክምና ካደረገችለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጡቶቹ ሄደዋል፣ እሱስ እውነት ነው። ነገር ግን በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ያለው ቆዳ አፉ በገመድ እንደታሰረ ከረጢት ተጨማዷል፤ ከሥር ደግሞ በሁለቱም በኩል ተርፎ ተንጠልጥሏል። ሸሚዙን ሲያወልቅ አሁንም የሴት ደረት ይመስላል።

ምክንያቱን ታውቃለች። ብዙ ቆዳ ላለው ሰው የሚበጀው ከጡቱ ሥር ረጅም አድርጎ ቆርጦ፣ ትርፉን አንስቶ፣ የጡቱን ጫፍ አሳንሶ መልሶ መትከል ነው። ጠባሳው ይጎላል፣ ደረቱ ግን ልጥፍ ይላል። እሷ ደግሞ በቺያንግ ማይ ከተማ ስሟ የተጠራው በትንሹ ስፌት ነው፤ በጫፉ ዙሪያ ብቻ ቆርጣ ሁሉንም በዚያው ታወጣለች፣ ጠባሳውም አይታይም። ጡታቸው ትንሽ ለሆነ እሰየው ነው። ለቶንክላ እንደማይሆን፣ ደረቱ ላይ በቀለም ስታሰምር ልቧ ነግሯት ነበር። ስም ክፉ ነው፤ አሸነፋት።

"እንዴት አገኘኸው?" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

"ደህና ነው ዶክተር። በጣም ነው የማመሰግነው።"

"ለቀማ ላይ ታዲያ እንደ ወንድሞችህ ሸሚዝ አውልቀህ ሠራህ?"

"እኔ እንኳ... ፀሐይ ብዙም አልወድም።"

"ምን አልወድም ይላል!" አለች ኑዋን። "'ዘንድሮ ደረቴን ገልጬ ዛፍ ላይ ካልወጣሁ' እያልክ ስታደነቁረን የከረምከው አንተ አይደለህም እንዴ?"

ቶንክላ አንገቱን ደፋ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስንት ዓመት በጨርቅ ጠፍንጌ አስሬው ቆዳዬ ላልቷል። ሥራዎን አበላሸሁብዎት።"

የዚህ አገር ሰው ታላቁን ቅር ከሚያሰኝ ጥፋቱን ራሱ ቢጎርስ ይመርጣል። ዶክተር ፓቻራ ይህን ይሉኝታ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ምስጋና ነው ብላ ስትቀበል ኖራለች። ስንቱ እንዲሁ አመስግኖ፣ ሸሚዙን ቆልፎ ሄዶ ይሆን? አፈረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ካለች ደግሞ ልጁ ዕድሜ ልኩን የገዛ ቆዳውን ሲረግም ሊኖር ነው።

"ስማኝ ቶንክላ፣ ቆዳህ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ላንተ የሚሆነው ረጅሙ ስፌት ነበር።"

"ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ኑዋን የያዘችውን ፋሻ አስቀመጠች። ቶንክላ ሸሚዙን አንስቶ ቀስ ብሎ ለበሰ። ዶክተር ፓቻራ የለመደችውን "ምንም አይደል" ጠበቀች፤ መጠበቋ ራሱ አሳፈራት።

"ይስተካከላል" አለች ቶሎ ብላ። "ትርፉን ቆዳ ማንሳት ይቻላል። እኔው ራሴ..."

"አይ" አለ ቶንክላ። መዳፎቹን ገጥሞ እንደ ወጉ ጎንበስ አለላት። "ሌላ ሐኪም ይጻፉልኝ።"

ስም ጻፈችለት። ከሆስፒታሉ ወንዙን ተሻግሮ የሚሠራ፣ ባልደረቦቿ ፊት "ጠባሳ ነጋዴው" እያለች የምታሽሟጥጠው ሐኪም ነው። ቶንክላ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ አነበበው።

"ረጅሙን ስፌት ይችልበታል?"

"ይችልበታል" አለች፣ ቀና ብላ ልታየው ሳትችል። "ያስተማርኩት እኔ ነኝ።"