የተሰበረው ድልድይ ጋ

የመኪናዋ ኋላ ዘንጉን ገጨው፤ ዘንጉም ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ላይወድቅ ነው ብላ ተስፋ ስታደርግ ወደቀ።

"በቃ ውረጂ" አለ የመንጃ ፈቃድ ፈታኙ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት። "ከፈለግሽ ከሰዓት አንድ ዕድል አለሽ። እሱንም ከጣልሽው የምትመጪው ከወር በኋላ ነው።"

ታላቅ ወንድሟ ከሽቦ አጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል። ከሥራ አስፈቅዶ ነው የመጣው።

"ያው ቦታ ነው የጣለሽ?" አላት።

"ያው ቦታ።"

ሁለት ዘንጎች መሃል ወደ ኋላ ገብቶ መቆም ነው የጣላት እንጂ ሌላውንማ እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። እግሯ አላርፍ ብሏት አጥሩን ተከትላ ተመላለሰች። ዓመታት ሙሉ ዳቦ ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆማለች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት "ነገ መንጃ ፈቃድ ይዘሽ ከመጣሽ የማከፋፈያው መኪና ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" ብላታለች። ያቺ ነጭ መኪና ጠዋት ጠዋት ዳቦ ጭና ስትወጣ ልቧ አብሯት ይወጣል። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

"ስሚ ሚጣ" አለ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሠላሳ ዓመት አልፏትም ለእሱ ሚጣ ናት። "የፈታኞቹን አለቃ የሚያውቅ ጓደኛ አለኝ። አንድ ስልክ ነው። ያሻግርሻል።"

ያሻግርሻል። ይቺን ነገርማ ታውቃታለች።

ልጆች ሆነው ቤት ውስጥ የነበረው የቪዲዮ ጌም መጫወቻ ጆይስቲክ አንድ ብቻ ነበር። ሕጉም አጭር ነው፤ እስክትሞት ትይዛለህ፣ ስትሞት ታቀብላለህ። ጌሙ ውስጥ ጆንያ የተሸከመው ትንሽ ሰውዬ የተሰበረው ድልድይ ጋ ሲደርስ ግን እሷ ሳትሞት ታቀብል ነበር። ወንድሟ ያሻግርላትና "በይ እንቺ" ይላታል። አንድ ክረምት እሱ አጎታቸው ጋ ሄደ፤ ሰውዬውም ገደል ሲገባ ከረመ። እያለቀሰች ጣለችው፣ ተናዳ ጣለችው፣ ማልቀሱም መናደዱም ሲሰለቻት ማየት ጀመረች። ለካ ገደሉን ፈርታ፣ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ነበር የምታዘልለው። ታግሳ ቁልፉን ብትጫን ተሻገረ። ወንድሟ ሲመለስ አሳየችው። "ዕድል ነው" አላት፤ እስከ ዛሬ ቂም ይዛበታለች።

መመላለሷን አቆመች።

"መሪውን መቼ ነው የማዞረው?"

"ምን?"

"ስገባ እያየኸኝ አልነበር? መቼ አዞርኩት?"

አሰብ አደረገ። "ቶሎ። ሁልጊዜ ቶሎ ነው። ዘንጉ ገና ትከሻሽ ጋ ሳይደርስ።"

"ፈርቼ ነዋ።"

"ሚጣ፣ አሁን የፍልስፍና ሰዓት አይደለም። ብትወድቂስ? መኪናዋ ሄደች ማለት እኮ ነው።" ስልኩ ጆሮው ጋ ደርሷል።

እውነቱን ነው። ብትወድቅ ነገ ያው ባንኮኒ ነው፤ መኪናዋን ሌላ ሰው ሲያስነሳት ቆማ ታያለች። ቢሆንም እጇን ዘረጋች።

"ስልኩን አምጣ።"

"እየጠራ ነው እኮ።"

"አምጣ ወንድምጋሼ። ገና አልሞትኩም፣ ተራው የኔ ነው።"

አያት፣ አያትና ሳይወድ ሰጣት። ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ተፈታኞችን ወደምትመዘግበው ሴት መስኮትም ሄደች።

"ከሰዓት አስገቢኝ" አለቻት። "ከተቻለ መጀመሪያ።"