ሬሳው እንዳይነቃነቅ

ጣሰው ፊልም ሊሠራ ነው ሲባል ዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ውስጥ ያልሰማ አበሻ አልነበረም። እየዞረ የሚያወራው ራሱ ነው። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ታክሲውን ፓርክ ባደረገ ቁጥር፣ «ንጉሥ ሆኜ ነው የምጫወተው፤ ፈረንጆቹ ገና ሲያዩኝ ‹ይሄማ ንጉሥ ሆኖ የተወለደ ነው› አሉ» ይላል። ንጉሡ ፊልሙ ሳይጀመር የሞተ መሆኑን ግን ለማንም አልተነፈሰም። እንዴት ብሎ ይተንፍስ! ሥራው ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ ዓይኑን መጨፈን ብቻ ነበር።

የፊልሙ ነገር የመጣው ከአንድ የመዝናኛ ፓርክ ነው። ዴንቨር ዳር፣ ወደ ሌክውድ መውጫ ላይ፣ ልጆች በጀልባ ተሳፍረው ጨለማ ዋሻ ውስጥ የሚገቡበት አሮጌ መጫወቻ አለ። አፅም ይጮህባቸዋል፣ የውሸት ወርቅ ያያሉ፣ በሌላው በር እየሳቁ ይወጣሉ። በቃ ይኸው ነው። ከካሊፎርኒያ የመጡት ፊልም ሠሪዎች ግን ከዚህ ውስጥ ታሪክ አወጣን አሉ፤ ወርቅ ፈላጊዎች በጀልባ ወደ ዋሻው ይገባሉ፣ የዋሻው ሕዝብ ንጉሡን ሲያለቅስ ይደርሳሉ። ለዋሻው ሕዝብ ማንም የማያውቀው ቋንቋ ያስፈልጋል ተባለና እኛን አበሾቹን ሰበሰቡን። ማንም የማያውቀው ቋንቋ! እሺ፣ ይሁን ብለን ሄድን።

አልቃሽ ሲፈለግ ሁሉም የጠራው አንድ ስም ነው፤ ፈትለወርቅ። እንግልውድ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምትሠራ፣ ሙሾን ከእናቷ የወረሰች ሴት ናት። እሷ አፏን ከከፈተች ለቅሶ ቤት ውስጥ ደረቅ ዓይን አይገኝም። ጣሰው ስሟ ሲጠራ ደስ አለው፤ «እሷማ ታውቅበታለች፣ የወንድሜ እህት እኮ ናት» አለ። የወንድሜ እህት! አፍ አይከለከል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈትለወርቅ ብርሃነመስቀል የሚባል አንድ ወንድም ነበራት፤ እንደ ልጇ ያሳደገችው። ከሁለት ክረምት በፊት እሱና ጣሰው ከሌክውድ ሠርግ ሲመለሱ በረዶ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ብርሃነመስቀል በመስታወቱ ተስፈንጥሮ ወጣና ሞተ። ጣሰው ተረፈ። «ማን ነው የነዳው?» ሲባል፣ «ሟቹ ነው። ጠጥቷል አትንዳ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ። ፖሊሱም አመነ፣ ሰዉም አመነ፣ እህቲቱም አመነች። ብርሃነመስቀል ሰካራም ተብሎ ተቀበረ፤ አዲስ አበባ ያለች እናቱም ያንኑ ሰምታ አንገቷን ደፍታ ሞተች። የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፤ ለቅሶ ቤት ጣሰው እጁን በፋሻ አስሮ ሲገባ፣ ፈትለወርቅ ተነሥታ አሞገሰችው፤

«ወንድሜን ከበረዶ ማን ያነሳው ነበር፣
እንደ ጣሰው ያለ አንድ ወዳጅ ባይኖር።»

ያን ቀን ለጣሰው ያላለቀሰለት የለም። ከዚያ ወዲያ ጣሰው በየቤቱ የክብር ወንበር የሚለቀቅለት ሰው ሆነ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ጣሰው ሚስቱን አፀደን ከፈታት በኋላ፣ አፀደ አንድ ቀን ፈትለወርቅ ቤት መጥታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። «እኔ ነኝ ቁስሉን ያሸሁለት» አለች። «የመኪናው ቀበቶ ሰንበር ግራ ትከሻው ላይ ነበር። ግራ! ሾፌር ካልሆነ ቀበቶ ግራ ትከሻ ላይ ምን ይሠራል? የመጠጥ ጠርሙስም ጭኑ መሀል ይዞ ነበር የሚነዳው፤ ሰክሮ ራሱ ነገረኝ። ለማንም ብትናገሪ እገልሻለሁ አለኝ፣ ፈራሁ።»

ፈትለወርቅ አፀደን ሸኘቻት። ውስጧ ግን ፍም ሆነ። ወንድሜን ገደለው፣ አልበቃ ብሎት ስሙንም ገደለው፣ እኔም በገዛ አፌ አሞገስኩት! የት ሄዳ ትናገር? በየቤቱ ብትዞር፣ «ውይ፣ ሐዘን አዞራት፣ የፈት ሴት ወሬ ሰምታ» ይላሉ። በሙሾ የተባለ ነገር በአሉባልታ አይሻርም፤ በሙሾ ብቻ ነው የሚሻር። ሙት ዓመቱ አልፎ፣ ሐውልቱ ቆሞ፣ አሁን ማን አስከሬን አጋድሞ አልቅሺ ይበላት? እንዲህ እያለች አንጀቷን ስትበላ ነው ፈረንጆቹ ቃሬዛ ይዘው የመጡት። ቃሬዛው ላይ ደግሞ ማን ይጋደም? ጣሰው! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው።

ቀረጻው ኦሮራ ውስጥ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ በእንጨትና በፕላስተር ዋሻ ሠርተውበታል። ጣሰው የወርቅ ቀለም የተቀባ ዘውድ ደፍቶ፣ ፊቱን ዱቄት ነስንሰውበት ተጋደመ። ዙሪያውን ከኦሮራና ከእንግልውድ የመጣ የእኛ ሰው ሞልቷል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሁሉም ነጭ ለብሷል። ቀይ ጢም ያለው ዳይሬክተር ጣሰውን፣ «ምንም ብትሰማ እንዳትነቃነቅ። ሬሳ ነህ። ብትነቃነቅ ሁሉን እንደገና ነው» አለው። ፈትለወርቅን ደግሞ እንግሊዝኛ የማትሰማ መስሎት በምልክት፣ «እንደ አገርሽ አልቅሺ፣ የፈለግሽውን በይ» አላት።

የፈለግሽውን በይ! ነጠላዋን አሸረጠች። መብራቱ በራ። ራስጌው ቆመችና ደረቷን መታ መታ አድርጋ ጀመረች፤

«መሪውን ጨብጠህ፣ ጠርሙሱን ታቅፈህ፣
‹ሟቹ ነው የነዳው› አልክ አሉ ምለህ።

ግራ ትከሻህ ላይ የታተመው ሰንበር፣
እሱ ይመስክራ፣ ሾፌሩ ማን ነበር።»

ለማስመሰል ዋይ ዋይ ሲሉ የነበሩት ሴቶች ዋይታቸውን አቆሙ። አንዷ ሌላዋን አየች። አቶ ግዛው፣ የእድሩ ሊቀ መንበር፣ በሽማግሌ ወግ ከፊት ቆመው ነበር፤ ዘንጋቸው ከእጃቸው ወደቀ። ፈትለወርቅ አሁን እንባዋ እየወረደ ቀጠለች፤

«ሳላውቅ ያሞገስኩህን በዚያ ሙሾ ዜማ፣
ዛሬ ነጥቄሃለሁ፣ አገር ሁሉ ስማ!

ብርሃነመስቀል፣ ስምህ ይመለስ።»

የመጨረሻዋ ቤት አልመታችላትም፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ሴቶቹ ግን በዚያ ላይ ግልብጥ ብለው አለቀሱ፤ ያን ጊዜ ያላለቀሱለትን ብርሃነመስቀልን አለቀሱት። ጣሰው ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ዱቄቱ ላይ ላብ መስመር ሠርቶ ይወርዳል። እንዳይነሣ ካሜራው አለ፤ ቢነሣስ ምን ብሎ ይነሣል?

«ከት! በቃ!» አለ ዳይሬክተሩ፣ እንባውን እየጠረገ። መጣና ጣሰውን፣ «አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ፤ ምንድን ነው የምትለው? እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም» አለው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። «ስሜን እያጠፋች ነው፣ አስቁሟት» ቢል ይቆም ነበር። ግን ለምን ብለው ይጠይቁታል፤ ፖሊስም ይሰማል። ሁሉም እያየው ነው፤ ፈትለወርቅም እያየችው ነው። ጣሰው፣ «ንጉሡ ደግ ሰው ነበር፣ ወዳጁን ከበረዶ ያነሣ ነበር ነው የምትለው» አለ።

ፈትለወርቅ እንግሊዝኛው ገብቷታል። ፊቷ ላይ ፈገግታ ብልጭ አለና ጠፋ። እኔ ሳልጠይቅህ በገዛ አፍህ ወጥመዱ ውስጥ ገባህ፣ አለች በልቧ።

«ድንቅ ነው!» አለ ዳይሬክተሩ። «እንደገና! ካሜራውን አስጠጉ!»

እንደገና አለቀሰች። ከግራ ቀረጹ፣ እንደገና። ከቀኝ ቀረጹ፣ እንደገና። በእያንዳንዱ ጊዜ ሴቶቹ ቃሉን ይዘውት፣ «ግራ ትከሻህ ላይ» ስትል እነሱ «ሾፌሩ ማን ነበር!» እያሉ ይቀበሏት ጀመር። በመጨረሻው ላይ ከተጨፈነው ከጣሰው ዓይን እንባ ሾልኮ ወረደ። ዳይሬክተሩ ተናደደ። «ሬሳ አያለቅስም!» ብሎ ጮኸና አንዴ አስደገማቸው።

ጣሰው ፊቱን ሳይታጠብ ከመጋዘኑ ወጣ። ፈትለወርቅ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለ። እሷም መንገድ አልለቀቀችለትም፤ በዙሪያዋ አልፎ ሄደ። የዚያኑ ሳምንት ታክሲውን ትቶ ሲያትል ገባ። የኦሮራ ሰው ሁሉ ሊያናግረው አፍሮ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ በስልክ እየደወለ ሾፌሩ ማን ነበር ብሎ ይዘጋበታል። ግፍ ነው አትበሉኝ፤ እሱ ግፉን ሙት ላይ ነው የሠራው።

ፊልሙ ሲወጣ ሲያትልም ወጣ። እዚያም አበሻ አለ። ጣሰው ከሲያትል ዳላስ ሄደ፤ ዳላስም ሲኒማ ቤት አለ።

በኋላ አንድ እሑድ አቶ ግዛው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ፈትለወርቅ ቤት መጡ። ጣሰው ከዳላስ ልኳቸው ነው። «ልጄ» አሉ አቶ ግዛው፣ «ለፖሊስ እውነቱን ጽፎ ልኳል። ለፍርድም ይቀርባል። ይቅር በይው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

ፈትለወርቅ አስጨረሰቻቸው። ከዚያ፣ «ነጠላዬን ላምጣ፣ አንድ ቦታ ልውሰድዎት» አለቻቸው። መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ወደ ዴንቨር ነዳች፤ ዋሻው ያለበት መዝናኛ ፓርክ በር ላይ አቆመች። ፊልሙ ገበያ ስላገኘ ፓርኩ አሮጌውን ዋሻ በፊልሙ አምሳል አድሶት ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ቀሩ፤ አቶ ግዛው ግን በሰባ ዓመታቸው ከፈትለወርቅ ጋር ልጆች መሀል ጀልባ ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ጀልባው ጨለማው ውስጥ ገባ። በመታጠፊያው ላይ መብራት በራ። ቃሬዛ ላይ ቁርጥ ጣሰውን የሚመስል የሰም አሻንጉሊት ተጋድሟል፤ ዘውዱ፣ ዱቄቱ፣ ሁሉ አለ። ከድንጋዩ ውስጥ የፈትለወርቅ ድምፅ መጣ። መሪውን ጨብጠህ፣ ጠርሙሱን ታቅፈህ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ጮኹ። አቶ ግዛው አማተቡ።

ሲወጡ፣ ከኋላ የሚመጣው ጀልባ ገና እየገባ ነበር፤ ሙሾው እንደገና ሲጀምር ውጭ ድረስ ይሰማል።

«እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አባባ» አለች ፈትለወርቅ። «እንደዚያ ይበሉልኝ። ይቺን የዋሻውን አልቃሽ ግን እንዴት አድርጌ ዝም ላሰኛት?»