ውሃው ሲገባ አንኳኪ

ልጆቼ፣ ቤትም መኪናም የሆነችው አሮጊት መኪናችን እንዳታፈስ፣ በየዓመቱ ከክረምት በፊት የመስኮቶቿን ጠርዝ የሚደፍነውን ሲሊኮን ፍቀን እንደ አዲስ እንቀባ ነበር። ሲደርቅ እኔ ከውጭ በውሃ ጎማ እረጫታለሁ፤ ባለቤቴ ከውስጥ ሆና ጠብታ ካየች ግድግዳውን ታንኳኳለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝጋው እንጂ! ልታሰምጠኝ ነው?» ትለኛለች።

እሷ ካረፈች ይህ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ትራሷን ከቦታው አላነሳሁትም፤ እንዳይረጥብብኝ ብዬ ሲሊኮኑን ብቻዬን ቀባሁ። የውሃውን ጎማ መሰላል ላይ አስሬ ውሃውን ከፈትኩና ገብቼ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ በእሷ ትራስ በኩል ጠብታ ወረደ። ሳላስበው ግድግዳውን አንኳኳሁ። ውሃው መፍሰሱን ቀጠለ። ትራሷን አንስቼ ደረቴ ላይ አቀፍኩና፣ ልዘጋው ራሴ ወጣሁ።