ፎልከርትን ማንም አይዘጋውም

ሰው ሲጫወት ዝም ብሎ ማየት ቀላል የሚመስለው የጠረጴዛ ጨዋታ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ያን ቅዳሜ ጀርመን፣ ብሬመን ከተማ ውስጥ፣ አንድ አዳራሽ ጥግ ላይ፣ ሁለት እጆቼን ከጭኔ ሥር ቀብሬ ተቀምጫለሁ። እጄን ነፃ ብተወው ሄዶ ሰሌዳው ላይ የሰው መጫወቻ ጋሪ ያንቀሳቅሳል። አፌንም ቢሆን አላምነውም።

ሙያችን አንድ የማይጣስ ሕግ አለው። የማያውቁህ ሰዎች ጨዋታህን ሲሞክሩ አትናገርም። የአጨዋወቱን ሕግ ከወረቀት ላይ ራሳቸው ያነባሉ፣ ቢሳሳቱ ይሳሳታሉ፣ ቢጠይቁህ ጣራ ጣራውን ታያለህ። ጨዋታው ሱቅ ሲገባ አንተ ተጣጥፈህ ሳጥኑ ውስጥ አትገባማ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኔ ዝም ስል ግን ዝንቡ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ነው የሚዞረው።

ጨዋታውን አራት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ቀን ቀን ኩክስሃፈን ከተማ መነጽር ቤት እሠራለሁ፤ ከሥራ መልስ ካርቶን እቆርጣለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ የለጠፍኩትን እቀድዳለሁ። ከዚህ በፊት የሠራኋቸውን ሁሉ አሳታሚዎች በትህትና መልሰውልኛል። «በጣም ደስ ይላል፣ ግን» ብለው ይጀምራሉ። ከ«ግን» በኋላ ያለውን ማንበብ ትቻለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጌዚኔ የሚለው ስሜ ሳጥን ላይ ታትሞ፣ ሳጥኑ የማላውቀው ሰው ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ ሌላ ብዙ የምፈልገው ነገር የለም።

ጨዋታው «ውሃው ሳይመጣ» ይባላል። ባሕሩ ሲሸሽ ፖስታ የጫኑ የፈረስ ጋሪዎች በእርጥቡ አሸዋ ላይ ከየብስ ወደ ደሴቱ ይሄዳሉ፣ አድርሰውም ይመለሳሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ጋሪ አለው። መንገዱ መሃል ላይ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ከአንድ ጋሪ በላይ አይይዝም። የውሃ ካርድ ሲገለጥ አሸዋው ላይ የተገኘ ጋሪ ሁሉ ይሰምጣል። ከሰመጠ ደግሞ ሰመጠ ነው።

አራት የማላውቃቸው ሰዎች ለሙከራ ተቀመጡ። አሳታሚዋ ብርጊት ዲርክሰን ከኋላቸው ቆማለች። በእኛ በጨዋታ ሠሪዎች ሰፈር አንቱ የሚባል ነገር የለም፣ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው፤ ዲርክሰንን ግን አንቺ ባልኳት ቁጥር ምላሴ ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከዚያ ማሪት የምትባል ፀጉሯን አረንጓዴ የቀባች የጥርስ ሐኪም ረዳት ጋሪዋን ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ነድታ አስገባችና እዚያው አቆመችው። የሌሎቹ ጋሪዎች ከኋላዋ ተሰለፉ።

«እለፊ እንጂ» አላት ከጎኗ የተቀመጠው ጢማም።

«ማለፍ ግዴታ ነው?»

ጢማሙ ወረቀቱን አገላበጠ። «የሚል ነገር አላየሁም።»

«እንግዲያው ተመችቶኛል» አለች ማሪት።

የካርዱ ክምር ሳስቶ ውሃው ሊመጣ መቃረቡ ሲታወቃት ወደ ፊት ተራምዳ ደሴቱ ላይ ወጣች። የተሰለፉት ሰመጡ። በሚቀጥለው ዙር በሌላኛው ጋሪዋ ያንኑ ደገመችው። ጢማሙ ከደሴቱ በሚመለሰው ጋሪው ከፊት ሊገጥማት ሲሞክር በጣቷ ወረቀቱን መታ መታ አደረገች። «ከደሴት የሚመለስ ጋሪ ለሚሄደው መንገድ ይልቀቅ ይላል። ዞር በልልኝ፣ ወንድሜ።»

ዞር አለላት። እኔ ጭኔ ሥር ጣቶቼን ቆጠርኳቸው፤ ሁሉም ደንዝዘዋል።

«እኔ ዓሣ በዳቦ ላመጣ ነው» አለ ጢማሙ በመጨረሻ ብድግ ብሎ። «ተራዬ ሲደርስ ሰምጧል በሉልኝ።»

ሁለቱ ተከትለውት ሄዱ። ማሪት ብቻዋን አሸናፊ ሆና ቀረች፤ እሷም ብትሆን ደስ ያላት አትመስልም። የአራት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው።

ዲርክሰን ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። «ይህቺ ልጅ ያደረገችውን እቤትሽ ማንም አድርጎት አያውቅም?»

«ትዝ አይለኝም።»

«በአራት ዓመት ውስጥ? እንዴት ሆኖ?»

በመስኮቱ በኩል ውጭ የቆሙትን ብስክሌቶች ቆጠርኩ።

«በመጸው ከምናወጣቸው ውስጥ አንድ ቦታ ይዤልሽ ነበር» አለች። «እስከሚመጣው ሳምንት ድረስ አስተካክለሽ ካመጣሽው እንደገና አየዋለሁ። ካልሆነ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው። አትቀየሚኝ።»

በባቡር ስመለስ መቀመጥ አቃተኝ። ተነስቼ ቦታ ቀየርኩ፣ የቀየርኩትን መልሼ ቀየርኩ። አንዲት ሴትዮ ሻንጣዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። እንዴት ሆኖ የሚለው ጥያቄ እየበላኝ ነው። መልሱ የመጣልኝ ከባቡሩ ልወርድ ስል ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ባልመጣ አልኩ። መልሱ ፎልከርት ነው።

ፎልከርት ጎረቤታችን ነው፤ የጎታች መርከብ መካኒክ ነበር፣ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ኤልከ የዛሬ ሦስት ዓመት ከሞተች በኋላ መጋረጃውን መክፈት ተወ። እኔና ባሌ ሄኒንግ፣ ከላይኛው ፎቅ ከምትኖረው ሮስቪታ ጋር ሆነን እሑድ እሑድ ጨዋታውን ስንሞክር አራተኛ ሰው ጎደለን ብለን በግድ ጎትተን አመጣነው። በመጀመሪያው እሑድ ሮስቪታ ጠባቡ ላይ ቀደመችውና ዘጋችው። ፎልከርት ጋሪውን አስቀመጠ፣ የጠጣበትን ስኒ አጠበ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ፎልከርትን የዘጋው ሰው የለም። ተነጋግረን አይደለም፤ ዝም ብለን ተውነው። እሱን ብቻ ትተን እርስ በርስ ብንዘጋጋ ያስታውቃልና መዘጋጋቱንም ተውነው። ያቺን «የሚመለስ ለሚሄደው ይልቀቅ» የምትል ሕግ የጻፍኳትም ያኔ ነው፤ ፎልከርት ከፊቱ ጋሪ ሲመጣበት ፊቱ ስለሚጠቁር። በጣም ያማረች ሕግ መስላኝ ነበር። ፎልከርት በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ያሸንፋል። አሸንፎ ጃኬቱን ሲለብስ ያፏጫል። ያንን ፉጨት የሚወስድበት ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። ጨዋታዬን የገደለው ይሉኝታ ነው። እኔ ደግሞ ሳጥን ውስጥ አሽጌ ልሸጠው ነበር።

«ንገሪው» አለኝ ሄኒንግ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠ።

«ምን ብዬ? ሦስት ዓመት ስናዝንልህ ነበር ልበለው?»

«አትንገሪው እንግዲያው። ዝጊው።»

«ተነስቶ ቢሄድስ? መጋረጃውን መልሶ ቢዘጋስ?»

ሄኒንግ ድንቹን አገላብጦ አየው። «ያኔ ሳጥንሽ አለልሽ» አለ። አንዳንዴ ባሌን የምጠላው እውነት ሲናገር ነው።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እሑድ ጠዋት ጋሪዎቹን ያለ ምክንያት ወለወልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ሮስቪታ መጣች፣ ጉዳዩን ነገርናት፣ ሻይዋን አማሰለች አማሰለችና «እኔን አታስገቡኝ» አለች። ከዚያ ፎልከርት የሁልጊዜውን የቅቤ ኬክ ይዞ ገባ።

«ሞይን» አለ እንደ ልማዱ፤ የእኛ የባሕር ዳር ሰው ሰላምታ ነው። «ብሬመን እንዴት ነበር?»

«ደህና» አልኩት። ዋሽቼ ኬኩን ተቀበልኩት።

መጫወት ጀመርን። የፎልከርት አንደኛው ጋሪ አድርሶ ደሴቱ ላይ ነው። ሁለተኛው ፖስታ ጭኖ ወደ ጠባቡ እየመጣ ነበር፤ ቀደምኩትና ገባሁ። ተራዬ እንደገና ሲደርስ ጋሪዬን አልነካሁትም።

«ተራሽ ነው» አለ ፎልከርት።

«ጨርሻለሁ።»

«አልተንቀሳቀስሽም እኮ።»

«አዎ።»

ሮስቪታ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ፎልከርት ጋሪዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ስኒውን አየ። ስኒውን ሲያይ፣ አሁን አጥቦት ሊሄድ ነው አልኩ። በቃ፣ ሳጥኑም ይቅር፣ ጋሪዬን ላንሳለት ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«እጅሽን መልሺ» አለ።

መለስኩ። ፎልከርት የኋላኛውን ጋሪውን ከጋሪዬ ጭራ ጋር አስጠጋው። ተራው ተመልሶ ሲደርሰው ደግሞ ደሴቱ ላይ የነበረውን አነሳና ወደ መንገዱ አወረደው፤ ከፊቴ መጥቶ አፍ ለአፍ ተጋጠመኝ።

«የሚመለስ ነው እኮ፣ ፎልከርት» አለ ሄኒንግ በቀስታ። «መልቀቅ አለብህ።»

«አልለቅም።»

«ሕጉ ይልቀቅ ይላል።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሰርዢው።»

ድምፁ ከፍ ብሎ የወጣው እዚህ ላይ ነው። ኤልከ ከሞተች ወዲህ ያን ድምፅ ሰምተነው አናውቅም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ጋሪዬን እንደ ሬሳ ታሳልፉታላችሁ። ሁላችሁም ዳር ይዛችሁ፣ ባርኔጣ አውልቃችሁ። የሞተችው ኤልከ ናት። እኔ አልሞትኩም።»

ሮስቪታ የሻይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ታውቅ ነበር እንዴ?» አለች።

«ሮስቪታ፣ አንቺ ለወለድሻቸው እንኳን ሳንቲም የማትለቂ ሴትዮ፣ ‹እለፍ የኔ ወንድም፣ እለፍ› ስትይኝ ምን መሰለሽ? ጨዋነት ይዟታል ልበል?»

ሄኒንግ ሳቁን በሳል ደበቀ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ማሸነፌ ደስ የሚላችሁ መሰለኝ። በተለይ አንቺን። ባሸነፍኩ ቁጥር ፊትሽ ይበራል። በየሳምንቱ ለእናንተ ብዬ ነው የማሸንፈው። ደግሞ እንዴት ያሰለቻል።»

«ስትሄድ ታፏጫለህ።»

«ስላለቀ ነዋ።»

አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ሳቄም መጣ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም። እስክሪብቶ ከሄኒንግ ኪስ መዝዤ ያቺን ያማረች ሕግ ሰረዝኳት። ሰርዤ ቀና ስል ነው ያለሁበትን ያየሁት። ከፊቴ ፎልከርት፣ ከኋላዬ ፎልከርት። ማሪት በልቧ ተማምና የቆመችበት ቦታ አሁን ወጥመድ ሆኗል፤ ወደ ደሴቱ መሸሽ የለም። የዘጋ ሰው ራሱም ሊዘጋ ይችላል። ብሬመን ውስጥ ለማንም ያልታየው ይህ ነው፤ እንዳይታይ የሸፈንኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

«የእኔን አንድ ለማስመጥ ሁለት ጋሪ ልታጣ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ትሸነፋለህ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ካርዷን ግለጫት።»

ገለጥኳት። ውሃው ነው። ፎልከርት ሁለቱን ጋሪዎቹን በአንድ እጁ፣ የእኔን በሌላው ዝቅ ብሎ አፈሰና የጨዋታው ካርቶን ውስጥ ጣላቸው፤ የእኔን ሲጥል ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው የጣለው። ጨዋታውን ሮስቪታ አሸነፈች። ሮስቪታ ከነጭርሱ አሸንፋ ስለማታውቅ ምን እንደሚደረግ ግራ ገባትና ኬክ ቆረሰች።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ጭንቅላቴ እየሮጠ ነው፤ ወረቀቱ እንደገና መጻፍ አለበት፣ ለዲርክሰን መደወል አለብኝ፣ ከመጸው በፊት ሥዕሉ፣ ሳጥኑ፣ ስሜ። ብድግ አልኩ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ ፎልከርት።

«ዳነ እኮ፣ አልገባህም? ጨዋታው ዳነ። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።»

«ተቀመጪ።» እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል፣ ጆሮው ቀልቷል። ጋሪዎቹን ከካርቶኑም ከሰሌዳውም ሰብስቦ የእኔን ሁለቱን ወደ እኔ ገፋቸው። «ደርድሪ። አሁን የምዘጋሽ እኔ ነኝ።»

ይህን ሁሉ ጨዋታ ስሠራ ኖሬ፣ ካለቀ በኋላ እንደገና ደርድሪ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም አመስግኖኝ ጃኬቱን ነው የሚያነሳው። ተቀምጬ ጋሪዎቼን ደረደርኩ።