ጸጋው የተማረበት ጭስ

አይናዲስ ሉማሜ ውስጥ አረቄ እያወጣች የምትኖር፣ ምላሷም እንደ አረቄዋ የሚያቃጥል ሴት ናት። ባሏ ሲሞት የበኩር ልጇ ጸጋው ደብረ ማርቆስ የጤና ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሩሃማን ካረገዘች ሦስት ወሯ ነበር። ማን ይርዳት? መስኮት በሌላት ማድ ቤት፣ በእርጥብ ባሕር ዛፍ፣ ምጧ እስኪመጣ ድረስ አረቄ አወጣች። ጸጋውም ተመርቆ የጤና መኮንን ሆነ። እሰየው!

ሩሃማ ግን በአሥራ አንድ ዓመቷም ሦስተኛ ክፍልን ማለፍ አቃታት። ዛሬ የያዘችው ፊደል ነገ ይጠፋባታል። ጎረቤቱ «እሳት አመድ ይወልዳል» አለ። አይናዲስ ጠበል አመላለሰቻት፤ «አንድ ዓመት ብቻ ታገሷት» እያለች መምህሯን ደጅ ጠናች። ጭንቋ ሁሉ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ቀርታ እዚያች ማድ ቤት እንዳትገባ ነበር።

ዘንድሮ ጸጋው ለእረፍት ሲመጣ የቀበሌውን ሴቶች ሰብስቦ ስለ ጭስ አስተማራቸው። «ነፍሰ ጡር የምትተነፍሰው ጭስ ለጽንሱም ይተርፋል። ልጁ ሲያድግ ትምህርት ሊከብደው ይችላል» አለ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አይናዲስን አዩዋት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እቤት እንደገቡ አፈጠጠችበት።

«እኔ ነኝ እንግዲህ ሆዴ ውስጥ ሳለች በጭስ ያጠፋኋት?»

«በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ እማዬ። ምናልባት...»

«ምናልባትህን ለራስህ ያዘው! ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያን ጊዜ መች ተማርኩትና!»

«በምን ተማርከው ታዲያ?»

ጸጋው ማድ ቤቱን አየት አደረገ። እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት! የተማረ ሰው ግን ዝም ማለት መች ያውቅበታል?

«ለማንኛውም ካልገባት አታስጨንቂያት። እቤት ትዋልና አረቄውን ታግዝሽ» አለ።

የአይናዲስ ደም ፈላ።

«ጠዋት ጭስ መርዝ ነው ብለህ ሰበክህ፤ አሁን እህትህን ልትማግዳት ነው? እኔ ቆሜ አይሆንም! ሰኞ ትምህርት ቤት ትሄዳለች!»

ሩሃማ ከበሩ ጀርባ ሆና ሁሉንም እንደሰማች ያወቀ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት አይናዲስ ልጇን ልትቀሰቅስ ብትሄድ መደቡ ባዶ ነው። ማድ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሩሃማ ዓይኗ ደም መስሎ እሳቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ያቀጣጠለችው በደብተሯ ነው።

«እማዬ፣ አንቺ እረፊ» አለቻት። «እኔ ትምህርት አይሆነኝም። ጭሱን እንደሆነ ድሮም ሆድሽ ውስጥ ለምጄዋለሁ።»